በበሩ ጎን የተሰቀለው ኩባያ

ኡስቲንያ የቆርቆሮውን ሣጥን ስትከፍት የጠበቀችው ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ ያገኘችው ግን የገዛ መንጠቆዎቿን ነው። አሥራ ሁለቱም አሉ። እርሳስ አቅልጣ፣ በቅርጽ አፍስሳ፣ ሞርዳና ወልውላ ትንሽ ዓሣ ያስመሰለቻቸው የማባበያ መንጠቆዎች ታጥበውና ደርቀው ተደርድረዋል። ጣቷን እንዳይወጓት የእያንዳንዱ ጫፍ በቡሽ ቁራጭ ተሸፍኗል። የተቀየመ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል እንዴ? ትንሽ ተስፋ ልቧ ውስጥ ሊገባ ሲል እጇ ከመንጠቆዎቹ ሥር ሌላ ነገር ነካ። ክው አለች።

ሁለቱ ችንካሮች ናቸው። በፔይፕሲ ሐይቅ በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ሁሉ በገመድ አሥሮ ባንገቱ የሚያንጠለጥላቸው፣ የእንጨት እጀታ ያላቸው ሁለት ሹል ብረቶች። በረዶው ከድቶት ውኃ ውስጥ የገባ ሰው እነሱን ጠርዙ ላይ እየሰካ፣ በደረቱ ተጎትቶ ይወጣል። ባዶ እጅማ እርጥብ በረዶ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ምን ይይዛል! የእነዚህን እጀታ ከፖም እንጨት የጠረበችው ኡስቲንያ ራሷ ናት። ታርሞ ሦስት ዓመት ሙሉ በረዶ ላይ ያለ እነሱ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው።

«ኡስቲንያ፤ ዕቃሽን መልሼልሻለሁ። ያስተማርሽኝ ቦታ ላይ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ አጠምድና ከዚህ በኋላ ወደ መንደራችሁ ወደ ኮልክያ አልመጣም። ባለፈው ቅዳሜ አፍሽ ዝም ቢልም እጅሽ መልሱን ሰጥቶኛል። አልተቀየምኩሽም። ታርሞ።»

«የበሩ ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት» አሉ አክስቷ አኩሊና፣ ከሚጎነጉኑት ሽንኩርት ቀና ሳይሉ። «ጠዋት መኪናው ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ለምንም እንዲህ ፊት አይገረጣም፣ ልጄ።»

ኡስቲንያ ችንካሮቹን ጨብጣ ወደ መስኮቱ ዞረች። በረዶ ላይ ነው ያለው፤ ባንገቱ ግን ምንም የለም። 

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነበር። ታርሞ የታርቱ ከተማ ሰው ነው፤ እንጀራው ፒያኖ መቃኘት። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሐይቁ ሲመጣ አዲስ መሰርሰሪያ፣ አዲስ ቦት ጫማ፣ አዲስ መቀመጫ ይዞ ነበር፤ ከሁሉ አዲሱ ግን እሱ ራሱ ነበር። በረዶውን ሰርስሮ መንጠቆውን ከሰደደ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲነቀንቀው ኡስቲንያ በአጠገቡ አለፈች። ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ወንድሜ፣ ዓሣውን ልትይዘው ነው ወይስ ልትገርፈው?»

«እና ምን ላድርግ?»

«ታችኛውን መሬት ይንካና አንድ ስንዝር አንሣው። ሁለቴ ነቅነቅ አድርግና ቁም። እስከ አምስት ቁጠር። ዓሣ የሚበላው ስትነቀንቀው አይደለም፣ ስትቆም ነው።»

ቆጠረ። አምስት ሲል ፐርች የሚባለው ባለ ሸንተረር ዓሣ ገመዱን ጎተተው፤ ታርሞም እንደ ሕፃን ጮኸ። በዚያ ቀን የተያዘው ዓሣው ብቻ አልነበረም።

ጆሮው ግን የሚገርም ነበር። በረዶው ሲያቃስት የቱ ድምፅ ብርድ ሲያጠነክረው፣ የቱ ሲሰነጠቅ እንደሆነ በአንድ ወር ለየ። በሐይቁ ዳር እየተገናኙ፣ በመንጠቆ ሣጥን ውስጥ ደብዳቤ እየተለዋወጡ ሦስት ዓመት አለፈ።

ችግሩ ኩባያው ነበር። የጥንቱን ሥርዓት የጠበቁት የኮልክያ ምእመናን እንግዳ ይወዳሉ፤ ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ብቻ ከእምነታቸው ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ዕቃ አይጋሩም። በኡስቲንያ ቤት ለእንግዳ የተለየው ሰማያዊ የሸክላ ኩባያ ከበሩ ጎን በሚስማር ተሰቅሏል። የቤተሰቡ ኩባያዎች ከቅዱሳን ሥዕሎች ሥር መደርደሪያው ላይ ናቸው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሞቱት የእናቷ ባለ ቀይ አበባ ኩባያም ማንም ሳይጠጣበት እዚያው አለ። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ መንገደኛ በስሕተት በቤቱ ሳህን በላ። አባቷ ዞሲማ ሰውየውን በክብር ሸኝተው፣ ሳህኑን ውጭ አውጥተው በመዶሻ ሲሰብሩት አይታለች።

ታርሞ ከወር በፊት ጽፎላት ነበር። «መጥቼ አባትሽን እጠይቃለሁ። ቃል አያስፈልገኝም። ከመደርደሪያው ኩባያ አውርዳችሁ ሻይ ከሰጣችሁኝ ቤቴ ገባሁ ማለት ነው።» ያንን ደብዳቤ ትራሷ ሥር አድርጋ ስንት ሌሊት ተኛችበት።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ፣ ጠየቀ። አባቷ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሻይ ስጪው» ብቻ አሉ። ኡስቲንያ ከደስታዋና ከፍርሃቷ ብዛት የምታደርገውን አላወቀችም። ሻዩን ቀድታ ሰጠችው። ታርሞ ተቀብሎ አየው፤ ቀስ ብሎ ጠጥቶ ጨረሰ፤ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ነው ያየችው። የተደፋው ሰማያዊው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው እጇ እሷን ሳይጠይቅ ወደ በሩ ሚስማር ሄዶ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አራት ደብዳቤ ጻፈች፤ አራቱንም ምድጃው በላቸው። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው» ተብሎ እንዴት ይጻፋል? ሲጻፍ ውሸት ይመስላል፤ እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ ያሳፍራል።

ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠች። የታርሞ አሮጌ መኪና ከሸምበቆው አጠገብ ቆሟል። ዕቃውን የሚጎትትበት ተንሸራታች ጋሪ ፈለጉን ጥሎ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሄዷል። ጊዜው የመጋቢት መጨረሻ ነው፤ በረዶው ለዓይን ደልዳላ ቢመስልም ፀሐይ ውስጥ ውስጡን በልታዋለች። ከትናንት ጀምሮ ማንም እንዳይገባበት ተከልክሏል። ከመኪናው አጠገብ ቆማ ሳለ የራስ መሸፈኛዋ ጫፍ ከኋላዋ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ተጠመጠመ። 

ነፋሱ ከመንደሩ በኩል ነው። ይህንንም አስተምራው ነበር። «ነፋስ ከጀርባህ ሲመጣ አንተን ብቻ አይደለም የሚገፋው፣ በረዶውንም ነው። ስንጥቁ ይከፈትና ከወዲያ ማዶ ትቀራለህ። ያን ጊዜ ዓሣ እጅህን ቢበላህ እንኳ ተነሥተህ ና።» ታዲያ ለምን አልመጣም? ጆሮው የፒያኖ ክር ሲላላ የሚሰማ ሰው ይህን ነፋስ ሳይሰማ ቀርቶ ነው? ወይስ ሰምቶ ዝም ብሎ? ይህን ሁለተኛውን ልታስበው አልደፈረችም፤ ሐሳቡ ግን ሳይጠሩት መጥቶ እንደተቀመጠ እንግዳ አልሄድ አለ።

አባቷን ጎተራው ውስጥ አገኘቻቸው። ከሞተር ብስክሌት ሞተርና ከትራክተር ከመነዳሪ ራሳቸው የገጣጠሟትን፣ ባለ ግዙፍ ጎማዋን የበረዶ ላይ መኪና፣ ካራካታቸውን፣ እስከ ዓመት ስለምትቆም ቤንዚኗን ከሆዷ እየቀዱ ያወጡ ነበር።

«አባባ፣ ካራካቷን አስነሣት።»

«ሐይቁ ተዘግቷል።»

«ታርሞ በረዶው ላይ ነው።»

«ያ ፒያኖ የሚሉትን ሣጥን የሚያዘፍነው?» እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። በእነሱ ጸሎት ቤት ከሰው ጉሮሮ በቀር መሣሪያ አይሰማም። «ክልከላውን አላነበበም? ማንበብ ሲማር ነው የኖረው።»

«አባባ፣ ባንገቱ ምንም የለም። እኔ ጋ ነው ያሉት።» መዳፏን ዘረጋች።

ዞሲማ ሊያዩት አልፈለጉም ነበር፤ አዩት። አንዱን ችንካር አንሥተው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የዓሣ አጥማጅ ጣት እንጨት ያውቃል።

«ይሄ ከጓሮው ዛፍ ነው።»

«አዎ።»

«እናትሽ የተከለችው።»

«የደረቀው ቅርንጫፍ ነው፣ አባባ። አልቆረጥኩትም፣ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

አባቷ ችንካሩን መለሱላትና የቀዱትን ቤንዚን ወደ ካራካቷ ሆድ መልሰው ማፍሰስ ጀመሩ። አኩሊና በሩ ላይ ደርሰው ሁሉንም ሰምተዋል። «እኔ ፖስታ ቤት ሄጄ ለድንበር ጠባቂዎቹ አስደውላለሁ» አሉ እያለከለኩ። «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ ፍጠኑ እንጂ!» ኡስቲንያ ገመዱንና ጣውላዎቹን ጫነች። አባቷ ይሄዳሉ። ግን ያ የቤንዚን ድምፅ ምን ያህል ቀስ ብሎ ይወርዳል!

ካራካቷ እየተንገዳገደች በረዶውን ያዘች። ዞሲማ በየመቶ እርምጃው ያቆሟትና ወርደው ረጅሙን የብረት ዘንግ በረዶው ላይ ይመታሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምት። ብረቱ ካልዘለቀ «ይሸከማል» ይላሉ፤ ይነሣሉ። ነጣ ያለውን ዞረው ያልፉታል፤ ጥቁር የመሰለውን ያምኑታል። ኡስቲንያ አባቷ በወረዱ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። አታቁም፣ አባባ፣ አታቁም ልትል ትፈልጋለች፤ ካላቆሙ ደግሞ ሦስቱም እንደማይመለሱ ታውቃለች።

«ይሸከማል።»

ደግሞ መንዳት። ደግሞ መቆም። በመንገዱ ሁሉ አባቷ የተናገሩት ሌላ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«ያን ዕለት ኩባያውን ስታነሺ አይቼሻለሁ።»

«ምን?»

«የትኛውን እንደምታነሺ ልይ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። ሰማያዊውን ስታነሺ፣ ልጄ አልፈለገችውም አልኩ። ደስ አለኝ።»

ኡስቲንያ ልትጮኽ ቃጣት። እሱም ከእጇ አነበበ፣ አባቷም ከእጇ አነበቡ፤ እሷን የጠየቀ የለም። «አባባ፣ እኔ እኮ አላየሁትም» አለች፤ ድምፅዋን ሞተሩ ዋጠው። መስማታቸውን አላወቀችም።

ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ተከፍቶ አገኙት። ስድስት ክንድ የሚሆን ጥቁር ውኃ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መጨረሻ የለውም። ከወዲያ ማዶ፣ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቀዳዳው ላይ አጎንብሷል።

«ታርሞ!»

ቀና አለ። ዞረ። ከዚያ ርቀት ፊቱ አይታይም፤ ግን አቋሙ ተለወጠ። ተነሣ፣ ዕቃውን ሁሉ ትቶ ወደ እሷ መሮጥ ጀመረ።

«ቁም!» ጮኹ ዞሲማ። «ጣውላ እስክንዘረጋ ጠርዙን አትጠጋ! ባለህበት ቁም!»

ነፋሱ ከእነሱ ወደ እሱ ቢነፍስም ታርሞ የሰማው ስሙን ብቻ ነበር። ጠርዙ ላይ ሲደርስ በረዶው እንደ ረጠበ ዳቦ ዝም ብሎ ተገመሰ። ሰውየው የለም። ኡስቲንያ ያን ጊዜ ጮኻ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታስታውስም። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ግን እሷ በሆዷ ተኝታ፣ ወገቧ በገመድ ታሥሮ፣ በበረዶው ላይ እየተሳበች ነበር።

«አንቺ ቀላል ነሽ፣ ሂጂ» አሉ አባቷ ገመዱን ይዘው። «እጅሽን አትስጪው፣ ይዞሽ ይገባል። ገመዱን!»

ችንካሮቹን በረጅም ገመድ ጫፍ አሥራ ወረወረች። አልደረሰም። ጎትታ ደገመች፤ በአጠገቡ አለፈ። የታርሞ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል፤ እጆቹ ከወዲያኛው ጠርዝ ላይ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ ይወድቃሉ።

«ታርሞ፣ እኔን እይ! በረዶውን ተወው፣ እኔን እይ!»

ሦስተኛው ደረሰ። ጨበጠው። ዞሲማ ገመዱን ሲስቡት ውኃውን ተሻግሮ ወደ እነሱ ጠርዝ ደረሰ።

«ስካው! አንዱን፣ ሌላውን! እግርህን ምታ! በደረትህ ና፣ በደረትህ! እንዳትነሣ፣ ተንከባለል!»

የፖም እንጨቱ እጀታ በጣቶቹ መካከል ሲንቀጠቀጥ ታያለች። አንዱ ብረት ገባ። ሌላው ገባ። ደረቱ ወጣ፣ ወገቡ ወጣ፤ ተንከባልሎ ከጎኗ ደረሰ። ኡስቲንያ በጡጫ ደረቱን መታችው፤ ደግማ መታችው፤ ከዚያ እያለቀሰች በሁለት እጇ ኮቱን ጨበጠች።

«ነፋሱን አልሰማህም? ጆሮ አለኝ ትል የለም እንዴ!»

«ሰ… ሰምቻለሁ» አለ ጥርሱ እየተፋጨ። «አንድ ዓሣ ብቻ እያልኩ… ሰባት ያዝኩ።»

«ለሰባት ዓሣ!»

«ከተነሣሁ እኮ አለቀ። ተመልሼ አልመጣም። እና አምስት እየቆጠርኩ፣ ደግሞ ከአንድ እየጀመርኩ…»

«ወሬውን ምድጃ ዳር ታወሩታላችሁ» አሉ ዞሲማ። የበግ ለምድ ካፖርታቸውን አውልቀው ታርሞ ላይ ጣሉት። ሲመለሱ ኡስቲንያ የታርሞን እጆች በብብቷ ይዛ ነበር፤ አባቷ እያዩ። ሞቱ ከኋላዋ ቀረ። ከፊት ለፊቷ ያለው ቤት ደግሞ ከሞቱ እኩል ያስፈራት ጀመር።

ምድጃው ዳር የዞሲማን ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ ተቀመጠ፤ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል፤ ችንካሮቹን ኡስቲንያ መልሳ ባንገቱ አንጠልጥላለታለች። አኩሊና ሻዩን አፍልተው ማንቆርቆሪያውን ይዘው መሐል ቤት ቆሙ። መደርደሪያውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ። ዞሲማ ወደ ወለሉ ያያሉ። ታርሞ ሁሉም ነገር ገባው።

«እትዬ አኩሊና፣ አይጨነቁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያ ሰማያዊው ጥሩ ኩባያ ነው። ጋሽ ዞሲማ፣ ነፍሴን አትርፈውልኛል፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ሙቀት ሲሰማኝ እሄዳለሁ።»

«አትሄድም» አለች ኡስቲንያ።

«እጅሽ እኮ…»

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም! ሃያ ስድስት ዓመት እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ሚስማር ሲሄድ የኖረ እጅ ነው። ያን ዕለት አንተን ብቻ ነበር የማየው፤ እጄን ማን አየው?»

«ታዲያ ያ እጅ የማን ነው?» አለ ታርሞ፤ ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነበር።

ኡስቲንያ ወደ በሩ ሄደች። ሰማያዊውን ኩባያ አወረደች፤ ከአክስቷ ማንቆርቆሪያውን ተቀብላ ሞላችው። ከዚያ የአባቷን ፊት እያየች፣ ኩባያውን ወደ ከንፈሯ አቅርባ ግማሹን ጠጣች። ግማሹን ለታርሞ ሰጠችው።

አኩሊና አማተቡ። ከእንግዳ ዕቃ የጠጣች የቤት ልጅ ከቤተሰቡ ገበታ ትለያለች፤ ጸሎት ቤትም ከበሩ አጠገብ ትቆማለች። ይህን ኡስቲንያ ታውቃለች። ዞሲማ አይንቀሳቀሱም። እሷ ቆማ በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አኩሊና» አሉ አባቷ። «መዶሻው የት ነው?»

 የዚያ መንገደኛ ሳህን ሲሰበር ያሰማው ድምፅ ኡስቲንያ ጆሮ ውስጥ ጮኸ። አኩሊና እያለቀሱ መዶሻውን ሰጡ። ታርሞ ኩባያውን በሁለት እጁ ከልሎ ተነሣ። ዞሲማ ግን ወደ እሱ አልሄዱም። በሩ አጠገብ ደርሰው ከኪሳቸው ለካራካቷ ጥገና የያዙትን ሚስማር አወጡና፣ ከሰማያዊው ኩባያ ሚስማር ጎን አድርገው ሦስት ጊዜ መቱት። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደው ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልነካውን ባለ ቀይ አበባ ኩባያ አወረዱ። አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ራሳቸው ሻይ ቀድተው ለልጃቸው ሰጧት።

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ እኔም አልሽረውም» አሉ። ድምፃቸው ይሰበራል። «ካሁን ወዲያ ያንቺ ኩባያ ከበሩ ጎን ነው። ግን ከእናትሽ ኩባያ ጠጪ። በእኔ ቤት በእንግዳ ዕቃ ስትጠጪ ልይሽ አልችልም።»

«አባባ…»

«አንተም» አሉ ወደ ታርሞ ዞረው፤ የሚያዩት ግን ባንገቱ ያሉትን ችንካሮች ነበር። «ሁለተኛ እነዚህን ብታወልቅ እኔ ራሴ ነኝ ውኃ ውስጥ የምከትህ።»

ኡስቲንያ ሻዩን ልትጠጣ ሞከረች፤ እንባዋ አላስጠጣት አለ። ዞሲማ ደግሞ ሥራ ያልጨረሰ ሰው ይመስል ወደ በሩ ተመልሰው አዲሱን ሚስማር በጣታቸው ወደ ታች ሳቡት፣ ወደ ጎን ገፉት፣ ደግመው ሳቡት።

«ይሸከማል» አሉ።